ከፍትፍቱ ፊቱ፦ የክብር እንግዳን እንዴት እንቀበል?

እንግዳ መቀበል ለአገራችን ሰው ከመጽሐፍ የሚማረው ነገር አይደለም። መንገደኛ መሽቶበት ከደጃፍ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲል ማን ዝም ይላል? እሳት ይጫራል፣ እግር ይታጠባል፣ መደብ ይለቀቃል። ይህን ሁሉ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ተምረነዋል።

ነገር ግን ሌላ ዓይነት እንግዳም አለ። ይህኛው የሚመጣው ወደ አንድ ሰው ቤት ሳይሆን ወደ ቀበሌው ሕዝብ ነው። የመጣውም መሽቶበት አይደለም፤ ሥራ ይዞ ነው። የወረዳ አስተዳዳሪ፣ ከንቲባ፣ የምክር ቤት ተመራጭ ወይም የጤና ኃላፊ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ሊመርቅ፣ ምንጭ ሊከፍት፣ ችግኝ ሊተክል ወይም ስብሰባ ሊመራ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰው የክብር እንግዳ ይባላል። የክብር እንግዳ ሲመጣ ወጪውም፣ ክብሩም፣ ሐፍረቱም የሁላችን ነው። ስለዚህ አቀባበሉን አስቀድሞ መማከርና መማር ያስፈልጋል።

ይህን ትምህርት እንድጽፍ ያደረገኝ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

1. ያ ረቡዕ

ለማስተማር ዘምቼ በነበርኩበት ጊዜ የተመደብኩት ከጫጫ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ መንደር ነበር። አንድ ቀን የመንደሩ ምንጭ ተከልሎና ቧንቧ ተገጥሞለት ሊመረቅ ሆነ። «ትልቅ ሰው ይመጣል» ተባለ። ወዲያው ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ ገብስ ተዋጣ። ጠላ ተጠመቀ። ሁለት በግ ተገዛ። ሴቶች ሌሊቱን ሙሉ እንጀራ ሲጋግሩ አደሩ።

እንግዳው ጠዋት በ3 ሰዓት ይደርሳል ተብሎ ነበር። ልጆቹን በ2 ሰዓት መንገድ ዳር አሰለፍናቸው። የጫጫን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሜዳው ላይ ተነሥቶ አጥንት ይሰብራል። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ሆነ፤ ስድስት ሆነ። ልጆቹ እጃቸውን በብብታቸው ይዘው ይንቀጠቀጡ ጀመር። እንግዳው የደረሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላስ? አምስት ሰዎች ተራ በተራ «እንኳን ደህና መጡ» አሉ። አንዱ የተናገረውን ሌላው ደገመው። ምስጋናው በዛ። ማዕድ ቀረበ። ቀኑ ግን ረቡዕ ነበር፤ እንግዳውም ጿሚ ነበሩ። የበጉ ወጥ እንደ ቀረበ ተመለሰ። እንግዳው ቧንቧውን ከፈቱ፤ አጨበጨብን፤ «መሸብኝ» ብለው ተነሡ። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

ያን ዕለት ማታ ክፍል ገባን። ከተማሪዎቼ መካከል ስማቸውን መጻፍ በቅርቡ የቻሉ አንዲት እናት ነበሩ። እጃቸውን አነሡና፦

«ልጄ፣ በጉስ ታረደ። የመሻገሪያውን ነገር ግን ማን ነገራቸው?» አሉኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የመንደሩ ትልቁ ችግር መሻገሪያ ማጣት ነው። ወንዙ ሲሞላ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ምጥ የያዛት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ አትችልም። ሁሉም ሰው ይህን ለእንግዳው ሊነግር በልቡ ይዞ ነበር። ግን አምስቱም ተናጋሪዎች ሲያመሰግኑ ሰዓቱ አለቀ። እኔም ጭምር አላሰብኩበትም። ልጆቹን በ2 ሰዓት ያሰለፍኩት እኔ ነበርኩና ጥፋቱ የእኔም ነው።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? እኛም ስላልተናገርን መሻገሪያው ቀረብን።

2. ድሮስ እንዴት ነበር?

አካባቢያችን ለትልልቅ እንግዶች አዲስ አይደለም። ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አንጎለላ ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተቀመጡባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። አፄ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያው ነው።

በ1833 ዓ.ም. ክረምት ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ከመንግሥቱ ተልኮ፣ ብዙ ሰዎችና ብዙ ጠመንጃ በስጦታ ይዞ በአንኮበር በኩል ገባ። ንጉሡም በክብር ተቀበሉት። በኅዳር 1834 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሃሪስ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለ ሸዋ ያየውን በሦስት ቅጽ አሳተመ። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። እንግዳ ዓይን አለው፤ ያየውን ደግሞ ይናገራል፤ ይጽፋል። 

በዚያ ዘመን ለእንግዳ በየቀኑ የሚታዘዝ ስንቅ ነበረ። «ድርጎ» ይባላል። እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ፣ ቅቤው በትእዛዝ ይመጣል። ታዲያ ከየት ይመጣ ነበር? ከሰማይ አልወረደም፤ ከባላገሩ ጎተራና በረት ነው። የንጉሥ እንግዳ፣ ሹም ወይም ወታደር በመንገዱ ሲያልፍ ባላገሩ የማስተናገድ ግዴታ ነበረበት። የለኝም ማለት አይቻልም። አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. አሥራት እንዲከፈል ያዘዙት፣ ወታደር በባላገር ቤት እየገባ መመገቡ እንዲቀር ብለው ነበር። ከዚህም በኋላ ቢሆን የጭሰኛው ሸክም ፈጥኖ አልቀለለም። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ግን ገበሬው ለባለ መሬት የሚከፍለው ግብርና የሚሰጠው ነፃ አገልግሎት በሕግ ቀረ።

እንግዲህ ልብ እንበል። መስተንግዶ በጎ ነገር ነው። ግዴታ ሲሆን ግን ሸክም ነው። ዛሬ ማንም አያስገድደንም። ራሳችንን በራሳችን ካስገደድን፣ ባለ አንድ በጉን ጎረቤት «አዋጣ፤ ቀበሌያችን እንዳይዋረድ» ካልነው፣ የቀረውን ድርጎ እኛው መለስነው ማለት አይደለም ወይ?

3. ከመምጣቱ በፊት

ከዚያ ረቡዕ በኋላ ተማሪዎቼና እኔ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሥርዓት አወጣን። የሚከተለው በአብዛኛው የእነሱ ሐሳብ ነው።

ሀ. ኮሚቴ ይመረጥ። አምስት ሰው ይበቃል። ከአምስቱ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ የመስተንግዶው ድካም በአብዛኛው የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነውና።

ለ. ሦስት ነገር ይጠየቅ። እንግዳው ለምን ይመጣል? ስንት ሰው ይዞ ይመጣል? በስንት ሰዓት ይደርሳል? ስልክ ያለው ሰው ዋዜማውን ደውሎ ያረጋግጥ፤ በዕለቱም ጠዋት መኪናው መነሣቱን ይጠይቅ። ልጆችና ሽማግሌዎች የሚወጡት መኪናው መነሣቱ ሲታወቅ ብቻ ነው። ልጅን በብርድ ማቆም ክብር አይደለም፤ ነውር ነው።

ሐ. ቀኑ ይታይ። ረቡዕ ነው? ዓርብ ነው? ዐቢይ ጾም ገብቷል? ከእንግዶቹ መካከል እስላም አለ? ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙም የክርስቲያኑን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ያሉት የአርጎባ ወገኖቻችን ሲመጡ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ካልታወቀ ግን ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎና ዳቦ ማንንም አያስቀይምም።

መ. ወጪው ይወሰን። መዋጮ በፈቃድ ይሁን። ከሌለው ሰው አይጠየቅ። ገንዘብ ከተዋጣ ገቢውና ወጪው ተጽፎ ለሕዝብ ይነበብ። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህ ጭምር ነው።

4. ሲደርስ

እንግዳው ከመኪና ሲወርድ የቀበሌው ሊቀ መንበርና አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ቀርበው ሰላም ይበሉ። ሁሉም ሰው ሊጨብጥ አይጋፋ። እልልታና ጭብጨባ በቂ ነው። የተገኘ እንደሆነ ቄጠማ መጎዝጎዝ ያማረ ልማዳችን ነው።

እንግዳው ወደ አዳራሽ ወይም ወደ ዳስ ሲገባ የተቀመጠ ሰው ይነሣል፤ «ኖር!» ይላል። ጨዋ እንግዳ ደግሞ «በእግዜር! አይነሡ» ይላል። ይህ ቃል ትንሽ ይመስላል፤ ግን አክባሪውንም ተከባሪውንም ሰው ያደርጋል። እንደ ድሮው ኩታ አደግድጎ፣ አንገት ደፍቶ መቆም ግን ዛሬ አያስፈልግም። ቀጥ ብሎ መቆም፣ ዓይን ማየት፣ በግልጽ መናገር ከአክብሮት ጋር አይጣላም።

በምን እንጥራው? በንጉሡ ዘመን «ክቡር ደጃዝማች»፣ «ክቡር ፊታውራሪ» ይባል ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ «ጓድ» ነበር። ዛሬ ለወንድ «ክቡር»፣ ለሴት «ክብርት» ብሎ ስምና ሥራን መጥራት ይበቃል። ከሁሉ በላይ ስሙን አለመሳሳት ነው። የእንግዳውን ስምና የሥራ ድርሻ በወረቀት ጽፎ ለአስተዋዋቂው መስጠት ከሐፍረት ያድናል።

5. አቀማመጥ

«ከፊት ማን ይቀመጥ?» የሚለው ነገር በዓለም ላይ ስንት ጠብ አስነሥቷል! በ1654 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1661) የስዊድን አምባሳደር ለንደን ሲገባ፣ ሊያጅቡት የወጡት የስፔንና የፈረንሳይ አምባሳደሮች ሠረገሎች «እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም» ተባባሉ። ነገሩ ወደ ተኩስና ወደ ሰይፍ ዞረ፤ ሰውም ፈረስም ሞተ። አስቡት፤ ይህ ሁሉ ለእንግዳ አቀባበል ነው! በ1807 ዓ.ም. በቪየና ከተማ የተሰበሰቡ መንግሥታት ግን መላ አገኙ። እኩል ማዕረግ ያላቸው መልእክተኞች ቢኖሩ፣ መድረሱን አስቀድሞ በይፋ ያሳወቀው ይቅደም ተባለ። ጠቡም በረደ።

እኛም መላ አለን። ዋናው እንግዳ መካከል ይቀመጣል። በአንድ ጎኑ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ በሌላ ጎኑ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ይሆናሉ። የሃይማኖት አባቶች ሁሉ በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። የሥራ ድርሻቸው እኩል የሆነ እንግዶች ቢኖሩ አስቀድሞ የደረሰው ይቅደም። ደካሞችና አራሶች ንፋስ በማይገባበት በኩል ይቀመጡ።

አንድ ነገር አይረሳ። እንጀራ የጋገሩ ሴቶች ንግግሩ ሲጀመር ጓዳ አይቅሩ። ወጡ በጊዜ ይውጣና እነሱም መጥተው ይስሙ፤ ይናገሩም። ስለ ውሃው ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?

6. ማዕድ

ማስታጠብ ይቀድማል። ውሃው ቢሞቅ ለብርዳችን ደግ ነው። «ብሉልኝ» ማለት ወግ ነው፤ እንግዳው በቃኝ ካለ በኋላ ግን እየጎተቱ ማጉረስ ማስጨነቅ ነው። ታማሚ ሊሆን ይችላል፤ ጨው ወይም ቅባት ተከልክሎ ሊሆን ይችላል።

ሾፌሩና አጃቢዎቹ አይረሱ፤ እነሱም ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም። ለሾፌር ግን ጠላም አረቄም አይቀርብለትም። ሻይ፣ ቡና ወይም የበሶ ብጥብጥ ይስጡት። ገደሉንና መታጠፊያውን የሚያልፈው እሱ ነው።

በብዙ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች የተከበረ እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብለት ዳቦና ጨው ነው። እንግዳው ከዳቦው ቆርሶ፣ በጨው ነክቶ ይቀምሳል። በዚህ የተናቀ እንግዳ የለም። የእኛስ የገብስ ቆሎና ቡና ከዚያ በምን ያንሳል? አባቶች «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት አውቀው ነው።

ስጦታ መስጠት ከተፈለገ ትንሽና የአገር እጅ ሥራ ይሁን፤ በሕዝብ ፊትም ይሰጥ። በስውር የሚሰጥ ስጦታ ስሙ ሌላ ነው።

7. ንግግርና አቤቱታ

«ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። ስለዚህ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ምስጋና በልክ ሲሆን ይጣፍጣል፤ ሲበዛ እንደ ጨው ነው።

የሕዝቡን ችግር የሚናገር ሌላ ሰው አስቀድሞ ይመረጥ። ይህም ንግግር ከማዕድ በፊት ይሁን። ከበሉ በኋላ መሸ፣ መኪና ተነሣ ይባላልና። ችግሩ አንድ ወይም ሁለት ይሁን። አሥር ችግር የሰማ ሰው አንዱንም አያስታውስም። በወረቀት ይጻፍ፤ ሁለት ቅጂ ይኑረው። አንዱ ለእንግዳው ይሰጣል፤ ሌላው ቀበሌው ዘንድ ይቀመጣል።

አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ክቡር እንግዳችን፣
ችግራችን ወንዙ መሻገሪያ የሌለው መሆኑ ነው።
ውሃው ሲሞላ ልጆቻችን ከትምህርት ይቀራሉ፤ በሽተኛም ጤና ጣቢያ አይደርስም።
ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ከእኛ ነው። ሲሚንቶ፣ ብረትና ባለሙያ ግን እንፈልጋለን።
መልሱን ከማን፣ በየትኛው ቀን እንጠብቅ?»

ይህ ልመናም ስድብም አይደለም። ችግሩን ይናገራል፤ ማንን እንደሚጎዳ ይናገራል፤ የራስን ድርሻ ያስቀድማል፤ ቀን ይጠይቃል። በተለይ የመጨረሻው መስመር አይቅር። ቀን የሌለው ተስፋ መቋጠሪያ የሌለው ከረጢት ነው።

እንግዳው «አይቻልም» ቢልስ? በትዕግሥት ይሰማ። ምክንያቱ ይጻፍ። ማጉረምረም፣ መጮህ ወይም አቋርጦ መናገር አይገባም። እውነተኛ «አይቻልም» ከውሸት «እሺ» ይሻላል።

8. ሽኝት

እንግዳ ሲሄድ እስከ መኪናው መሸኘት ደግ ነው። ከሄደ በኋላ ግን ሥራው አላለቀም። ኮሚቴው በሳምንቱ ይሰብሰብ። ምን ተባለ? ማን ቃል ገባ? ለመቼ? ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። የተባለው ቀን ካለፈ በአክብሮት ደብዳቤ ይጻፍ። የገባ ቃልን ማስታወስ ድፍረት አይደለም።

9. ሁለተኛው እንግዳ

ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ እንግዳ ወደ መንደራችን መጣ። በግ አልታረደም። የገብስ ቆሎ፣ ዳቦና ቡና ቀረበ። ልጆቹ ክፍላቸው ውስጥ ሆነው ይማሩ ነበር፤ የወጡት መኪናው ከኮረብታው ሲታይ ነው። አንድ ሽማግሌ «እንኳን ደህና መጡ» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ እኒያ እናት ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ከመቀነታቸው ወረቀት አወጡ። ራሳቸው የጻፉት ነው። ፊደሉ ትልልቅ ነበር፤ አንዳንዱም ተዛንፏል። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በጣታቸው እየተከተሉ ቃል በቃል አነበቡ። «መልሱን ከማን፣ በየትኛው ቀን እንጠብቅ?» ብለው ሲጨርሱ ቤቱ በእልልታ ሞላ።

እንግዳው ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ቀንም ተናገሩ።

ያ ቀን አለፈ። ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈ። መልስም መጣ፤ «ባለሙያ ልከን እናስጠናለን» የሚል ነው። እኔ ከመንደሩ እስክወጣ ድረስ መሻገሪያው አልተሠራም ነበር። ነገር ግን ባለሙያው መጥቶ ወንዙን ሲለካ አይቻለሁ። ደብዳቤውም በቀበሌው መዝገብ ውስጥ ነበር። ከሁለቱ በጎች ይልቅ ያቺ ወረቀት የበለጠ ሥራ ሠርታለች።

እንግዳን እናክብር። ራሳችንንም እናክብር። ሁለቱ አይጣሉም።

የቃላት ፍቺ

ድርጎ፦ ድሮ ለእንግዳ በየቀኑ በትእዛዝ የሚሰጥ ስንቅ
ማደግደግ፦ ኩታን አሸንፍጦ በአክብሮት መቆም
አቤቱታ፦ ለሚመለከተው የሚቀርብ የችግር ማመልከቻ
ቃለ ጉባኤ፦ በስብሰባ የተባለና የተወሰነ ነገር የተጻፈበት
ቅጂ፦ ከአንድ ጽሑፍ የተገለበጠ ሌላ

ጥያቄዎች

1. በመጀመሪያው አቀባበል ላይ የተሠሩት ስሕተቶች ምን ምን ናቸው? አራቱን ጻፉ።
2. ድርጎ ከየት ይመጣ ነበር? ከዛሬው መዋጮ በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያል?
3. አቤቱታ ከማዕድ በፊት መሆን ያለበት ለምንድን ነው?
4. «ከፍትፍቱ ፊቱ» ማለት ምን ማለት ነው? ከቤታችሁ ምሳሌ ስጡ።
5. በክፍላችሁ ተወያዩ፦ የክብር እንግዳ ለመቀበል መዋጮ መከልከል አለበት ወይስ የለበትም?

መልመጃ

የቀበሌያችሁን አንድ ችግር ምረጡ። በምዕራፍ 7 እንደ ታየው ከአምስት መስመር በማይበልጥ አቤቱታ ጻፉ። ሁለት ቅጂ አድርጉ። ከዚያም በክፍል ውስጥ ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።